ስሟን ሳንጠራ ያጨናት ልጅ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4 ቀን 2003 ዓ.ም.

እሺ አሉ! በመጀመሪያው ቀን እሺ አሉ። «እንመካከርበትና ተመለሱ» የለ፣ «ዘመድ ይሰብሰብ» የለ፤ እሺ ብቻ። ለስንቱ ሽማግሌ ሆኜ የስንቱን ደጅ ጠንቻለሁ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም። የጨንቻ ደጋ ብርድ ገና ከእግሬ ስላልወጣ ሁለት ካልሲ ደርቤ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ አስናቀች በአርባ ምንጭ ሙቀት ሁለት ካልሲ የሚያደርግ ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ መሆኑን ደጋግማ ነግራኛለች።

ነገሩ የተመስገን ነው። ተመስገን የመዘምራናችን ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ በሥራ ቀን ሲቀላ ሰፈር ባጃጅ ይነዳል። ብርቱካን የምትባለውን የጨንቻ ልጅ ይወዳል። እሷ እዚህ ኮሌጅ ትማራለች፣ ከመዘምራን ጋር ትዘምራለች። ብቻዋን መዘመር ስትጀምር ኪቦርዱ መፍጠን እንደሚጀምር ጉባኤው ሁሉ ያውቃል። ልጁ ባለፈው ወር «ፓስተር፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ» አለኝ። ዛሬ ሦስት ሆነን ወጣን፤ እኔ፣ አቶ ዳና እና መምህር ዘለቀ።

አቶ ዳና ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ዋናው ስጦታቸው ዝምታ ነው። መምህር ዘለቀ ደግሞ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጎጃም ተወልደው፣ እዚህ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እዚሁ ጡረታ ወጡ። ኦርቶዶክስ ናቸው። በአጥራችን ላይ ቆመን ስለ ጾም ስንከራከር ራት የቀዘቀዘብን ቀን ብዙ ነው። ይዘናቸው የሄድነው ለአንደበታቸው ነው።

የልጅቷ አባት አቶ ባሳ ሸማኔ ናቸው፤ በጓሯቸው ፖም አለ። እሳቸውም፣ እኔም፣ አቶ ዳናም ጋሞዎች ነን። በጋሞኛ ብናወራ ገና ሳንደላደል ነገሩ ያልቅ ነበር። የመምህር ዘለቀ ጋሞኛ ግን ከሰላምታ አያልፍም፤ ለእሳቸው ክብር ብለን ሁላችንም በአማርኛ ሆንን። መምህሩ ተነሱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ «ቤትዎን መርጠን፣ ወገንዎን አክብረን፣ ልጅዎን ለልጃችን ይሰጡን ዘንድ ከደጅዎ ቆመናል» አሉ። ሲናገሩ ሃያ ዓመት ይቀንሳሉ።

አቶ ባሳ «ልጁ ማን ነው?» አሉ። ተመስገን ስንላቸው ፊታቸው በራ። «ያ ችግኝ የሚገዛው? ባጃጅ ያለው? አውቃለሁ! ጥሩ ልጅ! ሰጥቻለሁ!»

እኔ በጸሎት ዘጋሁት። ጥሩ ጸሎት ነበር፣ ራሴንም ዕንባ ዕንባ ብሎኛል። ከዚያ ቆጮው በሚፋጀው የቃሪያ ድቁስ በዳጣና በቅቤ ቀረበ፤ የደጋ ዳጣ ከቆላው በርበሬ ጋር ጨርሶ አይወዳደርም።

ተመስገን መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። «እሺ አሉ» ስለው ባጃጁን እንደቆመ ትቶ ሮጠ። ወዴት እንደሚሮጥ እሱም አያውቅም።


እሑድ፣ ኅዳር 5

ኦሪት ዘፍጥረትን በተራ እየሰበክኩ ነው። የዛሬው ምዕራፍ ሃያ ስምንት ነበር፤ ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ መሰላሉን ያየበት። መሰላሉ ላይ መቆየት ይገባኝ ነበር። አልቆየሁም፤ ወደ ጨንቻ ወጣሁ።

«ወገኖቼ፣ ጌታ በር ሲከፍት ማንኳኳት አያስፈልግም! ትናንት አንድ ደጅ ሄደን በመጀመሪያው ቃል ተከፈተልን!» አልኩ። ስም አልጠራሁም። ግን መዘምራኑ በሙሉ ወደ ኪቦርዱ ዞሩ፣ ኪቦርዱም ማንም ያላዘዘውን አንድ ድምፅ አወጣ። የሴቶች ኅብረት እልልታውን አቀለጠው። ብርቱካን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ያም አልበቃኝ ብሎ «በሚቀጥለው እሑድ ምዕራፍ ሃያ ዘጠኝ፣ የያዕቆብ ሰርግ!» ብዬ ጨረስኩ። ጭብጨባው ለብቻው ነው።

ስንወጣ አስናቀች «ዛሬ ስለ እግዚአብሔር ነው ወይስ ስለ ራስህ የሰበክከው?» አለችኝ። ሁለቱም አንድ ላይ ሄደዋል አልኳት። አልሳቀችም።


ሰኞ፣ ኅዳር 6

የዕረፍት ቀኔ። ከላንቴ መንደር አንዲት እህት ያመጣችልንን ሙዝ ዝንጀሮ ወሰደው። ከበረንዳው ላይ፣ እኔ እያየሁ፣ ሳይቸኩል። በኢየሱስ ስም ብዬ ገሠጽኩት። ዞር ብሎ አየኝና መላጡን ቀጠለ። አስናቀች መጥረጊያ ይዛ ስትመጣ ነው የሄደው። እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው የተባለው ለካ እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ አቶ ባሳ ደወሉ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«ፓስተር፣ መሠረት እሺ ብላለች! ደስ ብሏታል!»

መሠረት የብርቱካን እናት መሆን አለባት ብዬ አሰብኩ። የእናት መስማማት ትልቅ ነገር ነው። «ጌታ ይመስገን! መሠረትን ሰላም በሉልኝ፣ በእጅጉ አክብራናለች በሉልኝ!» አልኩ። ሳቃቸው ከተራራው ወርዶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ቀን ለመቁረጥ ቅዳሜ እንድንወጣ ነግረውኝ መስመሩ ተቋረጠ።

ለአስናቀች ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋው ቆመ።

«የብርቱካን እናት እኮ ሞታለች። ልጅቷ ራሷ ነግራኛለች።»

«ታዲያ መሠረት ማን ናት?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ሽማግሌው አንተ!»

ራት ተረፈኝ። በቤታችን ይህ ተሰምቶ አይታወቅም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

መሠረት ታላቅ እህቷ ናት።

ተመስገን ገና ወፍ ሲንጫጫ ባጃጁን በራችን ላይ አቁሞ ጥሩምባውን ተጫነው። መሠረት ትናንት ለብርቱካን ደውላ «ተመስገን ሽማግሌ ልኮ እኔን አስጠየቀ» አለቻት። ብርቱካን ለተመስገን ደወለች። ምን እንዳለችው ሊነግረኝ አልቻለም።

ቀስ በቀስ ያወጣጣሁት ይህን ነው። መሠረት ከቤታቸው አጠገብ የፖም ችግኝ አፍልታ ትሸጣለች። ልጁ ከቤተሰቡ ጋር ለመላመድ ብሎ ሰበብ ባገኘ ቁጥር እየወጣ ከእሷ ችግኝ ይገዛ ነበር። እሱ ራሱ የሚኖረው ሲቀላ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው።

«ችግኙን ምን ታደርገው ነበር?» አልኩት።

«ለሰው እሰጣለሁ።»

የፖም ችግኝ፣ በዚህ ሙቀት፣ ለአርባ ምንጭ ሰው! እንግዲህ አባትየው «ይህ ልጅ ለችግኝ ሻጯ ብሎ ነው የሚመላለሰው» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

«ፓስተር፣ የጸለዩትን ይመልሱልኝ» እያለ አለቀሰ። ሻይ ሰጠነው።

እሱን ይዤ ወደ መምህር ዘለቀ ገባሁ። «ለምን ስሟን አልጠሩም?» አልኳቸው። ክው ብለው አዩኝ። «በአባቷ ፊት? የልጃገረድ ስም? ፓስተር፣ እኔ እኮ ጨዋ ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ!» እሳቸው አገር ሽማግሌ ስም አይጠራም፤ አባትየው የትኛዋ እንደሆነች ከጭምጭምታ ያውቃል።

ወደ አቶ ዳና ሄድን። ደጋው ላይ ደግሞ ስም ሳይጠራ ልጅ ከተጠየቀ የምትጠየቀው ታላቂቱ ናት። አቶ ዳና ይህን ያውቃሉ። ያን ዕለትም ገብቷቸው ነበር።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«እናንተ እየተናገራችሁ ነበር» አሉ።

እውነቱን ልጻፍ እንጂ፣ እኔም አውቀው ነበር። የደጋ ልጅ ነኝ። ግን ያን ሰዓት ቅቤው ከጓዳ ይሸት ነበር።


ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ጸሎት ይመለሳል ወይ?

ቀኑን ሙሉ በዚህ ተጠመድኩ። እኔ የጸለይኩት ለብርቱካን ነው። አባትየው አሜን ያሉት ለመሠረት ነው። ጌታ የትኛዋን እንዳልኩ ያውቃል። ታዲያ የሰማው የእኔን ልብ ነው ወይስ የእሳቸውን አሜን? ተመስገን ደግሞ አሁን መጣና፣ ይስሐቅ ተሳስቶ ያዕቆብን በባረከ ጊዜ በረከቱ እንዳልተመለሰ አስታወሰኝ። «በረከት ከአፍ ከወጣ ወጣ ብለው የሰበኩት እኮ እርስዎ ነዎት፣ ማስታወሻ ይዣለሁ» አለኝ። ሌላ ጊዜ ስብከቴን የሚያስታውስ ሰው ስፈልግ አላገኝም።

ያሰብኳቸው መንገዶች፦

በስልክ መንገር። ኔትወርኩ መሀል ላይ ቢቆረጥስ? አቶ ባሳ የሚደርሳቸው ግማሹ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከሙሉው ይብሳል።

አቶ ዳናን ብቻቸውን መላክ። በልተው ይመለሳሉ።

መታመም። (ለቀልድ ነው የጻፍኩት። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።)

መሄድ።

መሠረት ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ከስንት ጊዜ ወዲህ ያንን ደጅ ሽማግሌ አልረገጠውም፤ አባትየው «ሰጥቻለሁ» ያሉት በዚህ ነው የቸኮሉት። እኛ የደስታቸውን ምክንያት ሳንጠይቅ ቆጮ በላን። አሁን ሄጄ «ይቅርታ፣ አንቺን አይደለም» ልላት ነው። በምን አፌ? አስናቀች «በዚያው በሰበክክበት አፍህ» አለችኝ። «ዓይንህን በጨው አጥበህ ትሄዳታለህ። ደግሞ ሰው ሳትሰበስብ ለእሷ ለራሷ ንገራት።»


ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ቲማቲም ልገዛ ሲቀላ ገበያ ወጥቼ ባዶ ዘንቢል ይዤ ተመለስኩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ቲማቲም ሻጯ «ፓስተር፣ ልጁ ሁለቱንም ነው የሚወስደው እንደ ያዕቆብ?» አለችኝ። የእኛው ምእመን ናት። በየቤታችሁ አስቀድማችሁ አንብቡ፣ አንድ ምዕራፍ ወደፊት ሂዱ እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ። ሄደዋል።

ከቀትር በኋላ ብርቱካን መጣች። ስታለቅስ አገኛታለሁ ብዬ መሐረብ አዘጋጅቼ ነበር። አላለቀሰችም፤ ተቆጥታለች።

«እናታችን ስትሞት መሠረት ትምህርቷን ትታ ነው ያሳደገችኝ። ኮሌጅ የምማረው በእሷ ችግኝ ነው። አባባ ታላቂቱ ሳትወጣ ታናሺቱ አትወጣም ሲል እሷ ናት 'ተዋት ትማር' እያለች የምትሟገትልኝ። እሷን አሳፍሬ አላገባም። ለተመስገንም ነግሬዋለሁ።»

«እናርመዋለን» አልኳት።

«እንዴት?»

ፓስተር ነኝ፤ መልስ የሌለኝ መስሎ መታየት አልለመድኩም። «እየጸለይኩበት ነው» አልኩ። ሰው መልስ ሲያጣ የሚለው ይህንኑ መሆኑን እሷም ታውቃለች።

ተመስገን ማታ ለልምምድ አልመጣም። መዘምራኑ ያለ ኪቦርድ ዘመሩ። ኪቦርዱ ባለመኖሩ ብዙ ነገር ተሰማ፤ መሰማት ያልነበረበትም።


ዓርብ፣ ኅዳር 10

ጾምኩ። ለነገ ነው። አሳ ጠባሹ ከመንገዱ ማዶ ሥራ ሲጀምር ጾሙ ተፈተነ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያዝኩት። ከዚያ ያለውን ጌታና አስናቀች ያውቃሉ።

የእሑዱን ስብከት ላዘጋጅ ተቀመጥኩ። ምዕራፍ ሃያ ዘጠኝ። ዘልዬ ወደ ሠላሳ ልሂድ ብዬ ገለጥኩት። እዚያ ያለው የሁለቱ እህትማማቾች ፉክክር የባሰ ነው፤ ተመለስኩ።

ይህን ምዕራፍ ስንቴ ሰብኬዋለሁ። ስለ ያዕቆብ ትዕግሥት ሰብኬያለሁ። ስለ ላባ ተንኮል ሰብኬያለሁ፣ አንድ ጊዜ ላባን እንደ ደላላ እያስመሰልኩ ሰውን በሳቅ ገድያለሁ። ታናሺቱን አጭቶ ሲነጋ ያዕቆብ ከጎኑ ያገኛት ታላቂቱን ልያን ነው፣ ተቆጣ፣ ጮኸ። እሷስ? ያን ጩኸት ተኝታ እየሰማች ነበር እኮ። ባሏ በሰርጓ ማግሥት «እሷን አይደለም የፈለግኩት» እያለ ለአባቷ ሲጮህ ሰምታለች። ይህንን ሁሉ ዘመን ስሰብክ ስለ እሷ አንዲት ዐረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ብዕሬን አስቀመጥኩ። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም።

አስናቀች ገብታ ባዶውን ወረቀት አይታ ወጣች። ካፖርቴን አውጥታ ፀሐይ ላይ ሰቅላልኛለች።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ገና ከጨንቻ መመለሳችን ነው። እጄ እስኪሞቅ ጠብቄ መጻፍ ጀመርኩ።

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲይዝ ጉሙ ገጠመን፤ መስኮቱ ነጭ ሆነ። መምህር ዘለቀ መንገዱን ሙሉ ንግግር ሲያጠኑ ነበር። «ከቶ በሰው ልጅ አንደበት...» ብለው ሲጀምሩ «መምህር፣ ዛሬ በጋሞኛ ነው» አልኳቸው። «እኔስ?» አሉ። «እርስዎ ይቆማሉ» አልኳቸው። ተቀየሙኝ።

አቶ ባሳ ደጅ ስንደርስ አቶ ዳና ወደ መስኩ ወርደው ለምለም ሣር ነጭተው ተመለሱ። ለእያንዳንዳችን አደሉን። በእኛ አገር በደለኛ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ተበዳዩ ሳይሰማው አያልፍም። መምህር ዘለቀ ሣሩን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ ጭቃ ነው። «ጉልበቴ ሪህ አለበት» አሉ። አቶ ዳና ቀድመው ተንበርክከው አዩዋቸው። እሳቸውም ተንበረከኩ።

ከግቢው የበግ ሥጋ ሽታ ይመጣል። ቀን ሊቆረጥ ነው ብለው አርደዋል። ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ለመሠረት አስቀድሜ ለብቻዋ ልነግራት ነበር ሐሳቤ። አቶ ባሳ ግን ፈገግ እያሉ ብቅ አሉ። ሦስት ሽማግሌ ሣር ይዞ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ሲያዩ ፈገግታው ቀስ እያለ ወረደ። በጋሞኛ ነገርኳቸው። አላሳመርኩትም። የፈለግነው ብርቱካንን ነው፣ ስም አልጠራንም፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ የልጁም አይደለም፣ የልጆችዎም አይደለም አልኩ። 

 መምህር ዘለቀ የተነገረው ባይገባቸውም የዝምታው ርዝመት ገብቷቸዋል።

«ስም አልጠራችሁም» አሉ አቶ ባሳ።

«አልጠራንም።»

«እኔም አልጠየቅኩም።» ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። «ቢሳሳቱስ ብዬ ፈራሁ። ስጠይቅ ስሟን ባይሉስ ብዬ ፈራሁ። ለዚህ ነው ቶሎ ሰጥቻለሁ ያልኩት።»



ያን ጊዜ መሠረት ከጓሮ መጣች። ቦት ጫማዋ ጭቃ ነው፣ እጇ ላይ አፈር አለ። ቀጠን ያለች፣ ዓይኗ የማይሸሽ ሴት ናት። አየችን።

«ተነሡ፣ ሰው ያያል» አለች፤ ለመምህር ዘለቀ ብላ በአማርኛ። «እኔ ከሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ። ብርቱካን ስልኩ ላይ ዝም ስትል ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ አባቷ።

«በግ ስታርድ ደስ ብሎህ ነበር።» ሳቅ ያዛት፤ ከዚያ ተወችው። «አባባ፣ ለእኔ ብለህ ብርቱካንን በር ላይ አታቁማት። መውጣት የፈለግኩ ቀን በሩን አውቀዋለሁ። አሁን ግን ሥራ አለኝ።»

አቶ ባሳ ሣሩን ከእጃችን አንድ በአንድ ተቀበሉ፤ ይህ ይቅርታው ነው። ትከሻዬ ቀለለ። ቀጥሎ ግን ተነስተው ጋቢያቸውን አጣፉና ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«እሺ። አሁን ጠይቁ።»

መምህር ዘለቀ ተራቸው እንደሆነ ገባቸው። ተነሱ፣ ጉልበታቸው ላይ ጭቃው እንዳለ፣ «ብርቱካንን» አሉ። ወደ እኔ አዩ። «ብርቱካን ባሳን፣ ታናሺቱን፣ ኮሌጅ የምትማረውን፣ ለተመስገን!»

አቶ ባሳ ጣራውን አዩ፤ ዘመድ መኖሩን አሰቡ፣ ልጅቷ ገና ተማሪ መሆኗን አሰቡ። «እንመካከርበታለን» አሉ። «ተመለሱ።»

ተከለከልን! ደንበኛ ክልከላ፣ ባህሉ እንደሚያዘው! አቶ ዳና ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ጥርሳቸውን አሳዩኝ። መምህር ዘለቀ እጄን ይዘው «ተመለሱ አሉ እኮ፣ ተመለሱ አሉ!» ይላሉ። በጉ ታርዷልና በላን። ዛሬ ግን አልጣፈጠኝም፤ ማለቴ ጣፍጦኛል፣ ግን እያሰብኩ ነው የበላሁት።

ስንወጣ ችግኞቿ ዘንድ ሄጄ መሠረትን ለብቻዋ ይቅርታ ጠየቅኳት። እያረመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ሁለት ሌሊት አምኜ ነበር» አለች። «ልጁን ወድጄው አይደለም፤ ልጅ ነው። ግን አንድ ሰው ለእኔ ብሎ ዳገቱን ወጣ ብዬ አደርኩ። ደስ ይላል።»

ጎንበስ ብዬ አብሬያት አረም ነቀልኩ።  

«ይቅር ብያለሁ፣ ፓስተር። አንድ ነገር ግን ላስቸግር። የእናንተ ቤተ ክርስቲያን እህቶች ረቡዕ ረቡዕ ስሜን እየጠሩ ባል እንደሚለምኑልኝ ብርቱካን ነግራኛለች።»

እውነት ነው። «መሠረት ከጨንቻ፣ ለትዳር» ሲባል እኔ ራሴ አሜን ብያለሁ፤ ማን እንደሆነች ጠይቄ ሳላውቅ። ሰኞ ዕለት በስልክ ስሟን ስሰማ እንኳ ትዝ አላለኝም።

«ተዉልኝ» አለች። «መጸለይ ካማራችሁ ለችግኞቼ ጸልዩ። ውርጭ እየጨረሰብኝ ነው።»


እሑድ፣ ኅዳር 12

ምዕራፍ ሃያ ዘጠኝን ሰበክኩ። ሰው አፉን ለሳቅ አዘጋጅቶ ነው የመጣው፤ ቲማቲም ሻጯ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። ስለ ላባ አልቀለድኩም። ስለ ልያ ሰበክኩ፤ ያዕቆብ ሳያያት እግዚአብሔር እንዳያት። አጭር ነበር። አስናቀች ስንወጣ እጄን ያዘች፣ ይህ ደግሞ በበራፉ ላይ፣ በሰው ፊት።

ተመስገን ኪቦርዱ ላይ ተመልሷል። ብርቱካን ብቻዋን ስትዘምር ልትደርስበት ሞከረች፤ እሱ ግን ቀድሟት ጨረሰ። ቅዳሜ እንደገና እንወጣለን። መምህር ዘለቀ ከእንግዲህ ያለ ስም አልናገርም ብለው ምለዋል። አቶ ባሳ ደግመው «ተመለሱ» ይላሉ ብዬ እሰጋለሁ፤ የዚያ ሰው ኩራት ሲመለስ አይቻለሁ። ተመስገን እስከዚያ ይተርፍ ይሆን፣ አላውቅም።

ረቡዕ ለሴቶች ኅብረት መሪዋ እነግራታለሁ፤ ያ ስም ከልመናው ዝርዝር ይወጣል። የዛሬውን ልመና ግን ራሴ መራሁ። «ወገኖች፣ ዛሬ ስለ ውርጭ እንጸልይ» አልኩ።

ጸሎቱ ወዲያው አልጀመረም። ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። ሰው ሁሉ በመዝሙር ወረቀቱ ያራግባል፣ ላብ በአንገቱ ይወርዳል፤ ከላንቴ የመጡት ሙዝ ገበሬዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው በዕድሜው ሙሉ ውርጭ ያየ አንድም የለም።

ጸለዩ ግን። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ያ ብርድ እንዲርቅ አጥብቀው ለመኑ፤ አሜን ብለውም ላባቸውን ጠረጉ። ለማን እንደጸለዩ አላወቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።